ራውተሩን አጥፍተው ከማብራትዎ በፊት፦ በዲኤችሲፒና በዲኤንኤስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«ኢንተርኔት የለም» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ራውተሩን አጥፍተን እናበራለን። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን የችግሩን ዱካ አብሮ ያጠፋዋል፤ ነገ ተመልሶ ሲመጣም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ይልቅ የማሽኑን አይፒ አድራሻ ይዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) አይንኩት፤ ማሽኑ ከዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው አድራሻ ነው። አድራሻው ትክክል ከሆነ መጀመሪያ በቁጥር፣ ከዚያ በስም ፒንግ ያድርጉ (ይመልስ እንደሆነ ይሞክሩ)። በቁጥር እየመለሰ ስሙን አላውቅም ካለ ጉዳዩ የዲኤንኤስ ነው።

ሰው በጣም የሚለፋበት ግን ሁለተኛው ነው፦ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሳይታወቅ ሁለት ዲኤችሲፒ ሰርቨር መኖሩ። አንዱ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ትንሽ ራውተር ያመጣና በላን ፖርቱ ይሰካዋል። የራውተሩ ዲኤችሲፒ እንደበራ ነው። ማሽኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሳቸውን አድራሻ ይቀበላሉ። ስለዚህ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፤ ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት ይበላሻል። ችግር ባለበት ዊንዶውስ ማሽን ላይ «አይፒኮንፊግ ኦል» ብለው የዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር ያንብቡ። እዚያ ያለው አድራሻ የእርስዎ ሰርቨር ካልሆነ ሌባው ተያዘ። ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአርፕ ሠንጠረዥ (አይፒንና ማክን ከሚያዛምደው ዝርዝር) ይውሰዱና በየትኛው የስዊች ፖርት እንዳለ ይፈልጉ። ራውተሩን ከነቀሉ በኋላም የተሳሳተ አድራሻ የያዙት ማሽኖች አድራሻቸውን ለቀው እንደገና መጠየቅ አለባቸው። ስዊቹ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልተፈቀደ ፖርት የሚመጣን የዲኤችሲፒ መልስ ማገጃ) ካለው ዛሬውኑ ያብሩት።

ለፕሪንተር በእጅ የሰጡት አድራሻ ዲኤችሲፒ ከሚያድለው ሬንጅ ውስጥ አይሁን። አንድ ቀን ያው አድራሻ ለሌላ ማሽን ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ። ከሬንጁ ያውጡት ወይም ሪዘርቬሽን ይጠቀሙ፤ ማለትም ዲኤችሲፒው ያንን አድራሻ ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲሰጥ ያድርጉ።

«ለመጠባበቂያ» ተብሎ 8.8.8.8ን (ለማንም ክፍት የሆነውን የጉግል ዲኤንኤስ) በሁለተኛ ዲኤንኤስነት ለማሽኖቹ መስጠትም የተለመደ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ያስለቅሳል። የውጭው ሰርቨር የውስጥ ስሞችዎን አያውቃቸውም። ማሽኑ አንድ ጊዜ የእርስዎ ሰርቨር ዘግይቶበት ወደ ውጭ ከዞረ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ይባላል። «የለም» ደግሞ ራሱ መልስ ስለሆነ ሌላ ጋ ሄዶ አይጠይቅም። ፋይል ሰርቨሩ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ለማሽኖቹ የውስጥ ዲኤንኤስ ብቻ ይስጡ፤ የውጭውን በሰርቨሩ ላይ ፎርዋርደር (ሰርቨሩ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው) አድርገው ያስገቡት። መጠባበቂያ ካስፈለገ ሁለተኛ የውስጥ ሰርቨር ያቁሙ።

በባይንድ (በዲኤንኤስ ሰርቨር ሶፍትዌር) የሚሠሩ ከሆነ የዞን ፋይሉን (የስሞቹን መዝገብ) ባስተካከሉ ቁጥር ሲሪያል ቁጥሩን ይጨምሩ፤ አለዚያ ተከታዩ (ቅጂውን የሚይዘው) ሰርቨር ለውጡን አይወስድም። ሙሉ ስም ሲጽፉም መጨረሻው ላይ ነጥብ አይርሱ።

የሰርቨር አድራሻ ሊቀይሩ ነው? ቲቲኤሉ (መልሱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) 86400 ሰከንድ ከሆነ የድሮው መልስ እስከ 24 ሰዓት በየካሹ (በየጊዜያዊ ማስቀመጫው) ሊቆይ ይችላል። ከአንድ ቀን በላይ አስቀድመው ወደ 300 ያውርዱት። ሲፈትሹም በኤንኤስሉክአፕ (ዲኤንኤስን በሚጠይቀው ትዕዛዝ) ብቻ አይተማመኑ። እሱ ሰርቨሩን በቀጥታ ስለሚጠይቅ የማሽኑን ካሽም ሆነ የሆስትስ ፋይሉን (በማሽኑ ላይ ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን) አያይም። ኤንኤስሉክአፕ ትክክለኛውን እየመለሰ ብራውዘሩ የድሮው ጋ ከሄደ፣ ሰርቨሩን ትተው እነዚያን ሁለቱን ይመልከቱ።