የመስታወት መጥረጊያ ዘንግ መኪና ጣሪያ ላይ ስትጭኑ

ባሕር ዳር ውስጥ የሆቴልና የባንክ ሕንፃ መስታወት የምታጸዱ ልጆች፣ እባካችሁ ዘንጋችሁን ፖርቶ መጋላ ላይ በሲባጎ ብቻ አስራችሁ መንገድ አትውጡ። ሲባጎ በመንቀጥቀጥ ይላላል፤ ከኋላችሁ በባጃጅ የሚመጣውን ሰው አስቡት።

የሚሻለው ቱቦ ነው። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ግዙና ዘንጉ ተሰብስቦ ካለው ርዝመት ትንሽ አስበልጣችሁ አስቆርጡት። ብሩሹ አይገባም፤ ፈታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። የፊቱን ጫፍ በክዳንና በማጣበቂያ ድፈኑት፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ዘንጉ የሚወረወረው በዚያ በኩል ነው። የኋላው የሚከፈት ሆኖ ጓጉንቸር ይኑረው። ይህን ለሌባ ብቻ አይደለም የምለው፤ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ስትወጡ ዘንጉ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የኋላውን ክዳን ይገፋል።

ቱቦውን ቢያንስ ሁለት ቦታ በብረት ማቀፊያና በብሎን ከፖርቶ መጋላው ጋር አጥብቁት፣ በመካከላቸውም የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ፤ ንዝረቱን ይውጠዋል። ከሥሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ብሱ፣ አለዚያ በጎጃም ክረምት ውሃ ያቁራል።

ዘንጉን ራሱን በቀበቶ ጠፍራችሁ አትሰሩ። በተለይ የካርቦን ከሆነ ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። ደግሞም ካርቦንም አሉሚኒየምም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ከጣሪያ ከማውረዳችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሽቦ መኖር አለመኖሩን እዩ።