ለቴሌስኮፓችሁ ፋይንደር ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ቴሌስኮፕ ገዝተው ሁለት ወር ሳይሞላ ቁም ሳጥን ላይ የሰቀሉ ሰዎች አውቃለሁ። «ምንም አይታይበትም» ይላሉ። ቤታቸው ሄጄ ሳየው ቴሌስኮፑ ደህና ነው። መስታወቱ ንጹህ ነው፣ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ፣ አይፒሱም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ጎኑ ላይ በተገጠመችው ትንሽ ማነጣጠሪያ ቱቦ፣ በፋይንደሯ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፋቱ 200 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሊሜትር የሆነ ዶብሶኒያን (መሬት ላይ በሚቀመጥ ቀላል መቆሚያ የሚዞር የመስታወት ቴሌስኮፕ) ላይ የ25 ሚሊሜትር አይፒስ ብትሰኩ 48 ጊዜ ያጎላል። የሚያሳያችሁ የሰማይ ስፋት ግን አንድ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ጨረቃ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ይሞላል። በዚህች ቀዳዳ ሰማይን ማሰስ በቁልፍ ቀዳዳ እያጮለቁ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ውስጥ አንድ ዘመድ እንደ መፈለግ ነው። ፋይንደር በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትላችኋል። እሱ ካልተመቻችሁ ቴሌስኮፑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከጨረቃ አታልፉም።

ማጉላቱ የሚበልጠውን መምረጥ

ፋይንደር ላይ 6×30፣ 8×50፣ 9×50 የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይናገራል፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። አብዛኛው ገዢ ዓይኑን የሚጥለው የመጀመሪያው ላይ ነው። ማየት ያለባችሁ ግን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ማጉላት የዋናው ቴሌስኮፕ ሥራ ነው፣ ከፋይንደር የምንፈልገው ሰፊ ሰማይ እያሳየን በባዶ ዓይን የማናያቸውን ኮከቦች እንዲያወጣልን ነው። ጨለማ ውስጥ የዓይናችን ብሌን 7 ሚሊሜትር ያህል ሰፋ ብንል፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከዓይናችን 50 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። 30 ሚሊሜትሩ 18 እጥፍ ብቻ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው። 6×30 ወደ 7 ዲግሪ፣ 8×50 ደግሞ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ያሳያሉ። ማጉላቱ እየጨመረ ሲሄድ ይሄ ስፋት እየጠበበ ይመጣል፣ ያኔ ፋይንደሩ ራሱ ሌላ ፋይንደር ይፈልጋል።

ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የምትመጣዋን 5×24 ደግሞ አትመኗት። ብዙ ጊዜ ሌንሷ አንድ ነጠላ ቁራጭ ነው፣ ምስሉ እንዳይበላሽ ተብሎም ውስጧ ቀዳዳው የጠበበ ቀለበት ይደረጋል። በሌላ አነጋገር 24 የተባለው ሌንስ መሃሉ ብቻ ነው የሚሠራው። ለልጅ ቴሌስኮፕ የምትገዙ ከሆነ እሷን አውጥታችሁ ሬድ ዶት የሚባለውን፣ ቀጥሎ የማነሳውን ቀለል ያለ ማነጣጠሪያ ግጠሙለት። ልጁ ያመሰግናችኋል።

የራስን ሰማይ ሳያዩ ሬድ ዶት መግዛት

ሬድ ዶት የሚባለው ምንም አያጎላም። አንዲት ትንሽ መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ ይጥልና፣ ነጥቧ ሰማዩ ላይ ያረፈች መስላ ትታያችኋለች። ቴልራድ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እሱ በነጥብ ፋንታ የግማሽ፣ የ2 እና የ4 ዲግሪ ቀለበቶች ይጥላል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን የሚሠሩት በባዶ ዓይን በምታዩት ኮከብ ላይ ተመርኩዘው ነው። ኮከቡ ካልታያችሁ ነጥቧን ምን ላይ ታደርጓታላችሁ?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግቢያችሁ ወጥታችሁ ኤም 44ን ልትፈልጉ ነው እንበል። ንብ ቀፎ የሚሉት ውብ የኮከቦች ክምችት ነው። ያለበት ህብረ ኮከብ ሸርጣን ነው፣ የሸርጣን ኮከቦች ደግሞ ደብዛዛ ናቸው፣ በመንገድ መብራት መሃል ጭራሽ አይታዩም። የምታዩት ሁለት ደማቅ ኮከቦችን፣ በአንድ ወገን ፖሉክስን፣ በሌላ ወገን ሬጉሉስን ነው። መሃላቸው ባዶ ነው። በሬድ ዶት ወደዚያ ባዶ ቦታ እያነጣጠራችሁ፣ አይፒሱን እያያችሁ፣ ትንሽ እየገፋችሁ፣ እንደገና እያያችሁ ግማሽ ሰዓት ያልቃል። 8×50 ያለው ሰው ግን ፋይንደሩን ከፖሉክስ ወደ ሬጉሉስ ቀስ አድርጎ ሲጎትት፣ መሃል መንገድ ላይ ክምችቱ ራሱ እንደ ተበተነ ጨው ብቅ ይላል። ጎረቤት የበረንዳ መብራት ቢያበራም ይታያል። ለከተማ ሰው እንግዲህ 50 ሚሊሜትር ፋይንደር ነው የምመክረው። ገጠር የምትኖሩ፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ርቃችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ሬድ ዶት ወይም ቴልራድ በቂያችሁ ነው። ሰማዩ ራሱ ካርታ ይሆንላችኋል።

ሬድ ዶት ስትመርጡ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ዝቅ የሚል መሆኑን እዩ። አንዳንዱ ዝቅተኛው እንኳ ደምቆ ኮከቡን ይሸፍነዋል። ማብሪያ ማጥፊያውም «ቀጭ» ብሎ የሚዘጋ ይሁን፤ ሳታውቁት በርቶ ካደረ ባትሪው አልቆ ነው የሚጠብቃችሁ።

አንገትን መርሳት

ይሄ የሁሉም አገር ሰው ስህተት ነው፣ እኛ ጋ ግን ይብሳል። ምክንያቱ ጂኦግራፊ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ብዙዎቹ ቆንጆ ነገሮች አናታችን ላይ ነው የሚያልፉት። ጥር ላይ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ግድም የኦሪዮኗ ቀይ ኮከብ ቤቴልጂውስ ቀጥ ብላ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የኦሪዮን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመናው) ከአድማስ 75 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውም በሰሜን በኩል በዚያው ልክ ይወጣሉ። አውሮፓ ያለ ሰው ኦሪዮንን ፊት ለፊቱ ደቡብ ላይ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ቀጥ ያለ ፋይንደር ብዙም አያስቸግረውም።

ቀጥ ያለው ፋይንደር ዓይናችሁን ከኋላው አድርጋችሁ እንደ ጠመንጃ የምታነጣጥሩበት ነው። ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲዞር እናንተ ከሥሩ ገብታችሁ አንገታችሁን ወደ ኋላ መስበር አለባችሁ። በሌንስ የሚሠራው ረጅሙ ቴሌስኮፕ ላይ ከሆነ ፋይንደሩ ወደ ታች ስለሚወርድ መሬት ላይ ተንበርክካችሁ ነው። አባቴን አንድ ምሽት ሳተርንን ላሳየው ጠራሁት። በአይፒሱ አይቶ ተደሰተ። «አሁን ደግሞ አንተ ራስህ ኮከብ ፈልግ አባዬ» ስለው በፋይንደሩ ለማየት ጎንበስ አለ፣ ወገቡን ያዘ፣ «ተወው ልጄ» ብሎ ገባ። በማግስቱ ነው የጎን ዓይን ያለውን ለማግኘት መፈለግ የጀመርኩት።

የጎን ዓይን ያለው፣ ማለትም በ90 ዲግሪ የታጠፈው፣ ከጎን ወይም ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ሰማዩን እንድትቃኙ ያደርጋል። አንድ ጉዳት አለው፦ ቱቦውን ተከትላችሁ ማነጣጠር አትችሉም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰፈሩን ማግኘት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ብዙ የቆዩ ሰዎች ሁለት የሚገጥሙት። ሬድ ዶቱ ሰፈሩን፣ 8×50ው ቤቱን ያሳያል። አቅም ከፈቀደ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የታጠፈ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ቀጥ ያለው ፋይንደር ምስሉን ገልብጦ ያሳያል፣ ላይ ታች፣ ቀኝ ግራ ይሆናል። ይሄ ብዙ አይከፋም፣ ካርታችሁን ገልብጣችሁ ትይዛላችሁ፣ አለቀ። የታጠፈው ግን ሁለት ዓይነት ነው። በተራ መስታወት የሚታጠፈው ምስሉን ቀና አድርጎ ቀኝና ግራውን ያዟዙራል። ይሄኛውን ካርታ አዙራችሁ አታስተካክሉትም፣ ከመስታወት ፊት ቆሞ መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው። አሚቺ የሚባል ፕሪዝም ያለው ግን ሁሉንም እንዳለ ያሳያል።

መለየቱ ቀላል ነው። በቀን ፋይንደሩን ራቅ ወዳለ የሱቅ ታፔላ አዙሩት። «ፋርማሲ» የሚለው ልክ እንደ ጽሑፉ ከተነበበ ትክክለኛው ነው። ከ«ሲ» ጀምሮ ፊደሉ ሁሉ ዞሮ ከታየ ሌላኛው ነው። ከውጭ የምታስልኩ ከሆነ ደግሞ «ራይት አንግል ኮሬክት ኢሜጅ» የሚለው መጻፉን አረጋግጡ። «ራይት አንግል» ብቻ አይበቃም።

የማያስፈልግን መግዛት

የእናንተ ቴሌስኮፕ አጭር ከሆነ፣ ለምሳሌ 80 ሚሊሜትር ስፋትና 400 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ከሆነ፣ በ25 ሚሊሜትር አይፒስ 16 ጊዜ ብቻ ነው የሚያጎላው፣ ከ3 ዲግሪ በላይ ሰማይም ያሳያል። እሱ ራሱ ፋይንደር ነው። ሬድ ዶት ጨምሩበትና ገንዘባችሁን ለአይፒስ አውሉት።

እግሩን ሳይለኩ ማስላክ

እዚህ አገር አብዛኞቻችን ዕቃውን የምናገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ካልገጠመ መመለስ የለም። እኔ ራሴ ስድስት ወር ጠብቄ የደረሰኝ ፋይንደር እግሩ ቴሌስኮፔ ላይ ካለው መሰኪያ፣ ከማቀፊያው ጋር አልገባ ብሎ በወፍጮ ቤት ሞራድ ለሁለት ቀን ሞርጄዋለሁ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ነበር።

ስካይ ዎቸርና ሴሌስትሮን የተባሉት የቴሌስኮፕ አምራቾች የሚጠቀሙበት ማቀፊያ አንድ ዓይነት ነው፣ ለብዙ ፋይንደርም ይሆናል። ትንንሽ ቴሌስኮፖች ላይ ግን ማቀፊያ የለም፣ ሁለት ብሎን ብቻ ነው። ቴልራድ ደግሞ የራሱን መቀመጫ በማጣበቂያ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማቀፊያውን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱና ለዘመዳችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ በብሎኖቹ መካከል ያለውንም ርቀት ጻፉለት። ማሰሪያውም ሁለት ብሎንና አንድ ስፕሪንግ ያለው ይሁን። ስድስት ብሎን ያለውን በጥቅምት ብርድ፣ በደነዘዘ ጣት ማስተካከል አበሳ ነው። ክብደቱንም አስቡ፦ ዶብሶኒያን ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ስትጨምሩ አፍንጫው ቁልቁል ይወርዳል።

ሳያስተካክሉ ዕቃውን መርገም

«ፋይንደሩ ሌላ ቦታ ነው የሚያሳየው» ካላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ከዋናው ቱቦ ጋር አስማሙት። በቀን፣ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ የኔትወርክ ምሰሶ ጫፍ በአይፒሱ መሃል አድርጉ፣ ከዚያ የፋይንደሩን ብሎኖች እያዞራችሁ መስቀለኛውን መስመር እዚያው ጫፍ ላይ አምጡት። የጎረቤት አንቴና አይሆንም። ፋይንደሩ ከዋናው ቱቦ መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ምልክታችሁ 20 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ሰማይ ላይ የምትሳሳቱት ከጨረቃ ስፋት ይበልጣል።

የውጭ መመሪያዎች «ሰሜን ኮከብ ላይ አስተካክሉ፣ እሱ አይንቀሳቀስም» ይላሉ። እኛ ጋ ሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ያለው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ በዚያ በኩል እንጦጦ ቆሟል። ሲሪየስ ወይም በንጋት የአጥቢያ ኮከብ ይሻላችኋል፣ ፈጠን ብላችሁ ብቻ ሥሩ።

ምስሉ ከደበዘዘባችሁም ፋይንደሩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። 8×50ዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት ሌንሱ ኋላ የምትገኘውን ቀለበት አላልታችሁ ሌንሱን በማዞር ነው የሚጠራው። ጤዛ ካስቸገራችሁ ጥቁር ካርቶን ጠቅልላችሁ ፊቱ ላይ ቱቦ አድርጉለት።

ፀሐይን ሲያዩ ፋይንደሩን ክፍት መተው

ይሄን ከሁሉም አስበልጬ እለምናችኋለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ የታየ ጊዜ ብዙ ሰው የፀሐይ ማጣሪያ ማድረግን ተምሯል። ማጣሪያው ግን ዋናውን ቱቦ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ጎኑ ላይ ያለው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ክፍት ከሆነ ዓይን ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው፣ እሱን አጎንብሶ የሚያይ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ አይጠፋም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ላይ ሌላ ግርዶሽ አለ። ጅዳና መካ ያላችሁ ሙሉውን ታያላችሁ፣ እኛ ጋ ደግሞ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ በከፊል። ያን ቀን ፋይንደሩን ከማቀፊያው አውጡና ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ቴሌስኮፑን በጥላው ነው የምታነጣጥሩት፦ መሬት ላይ ያለው የቱቦው ጥላ እያጠረ፣ እያጠረ መጥቶ ክብ ሲሆን ፀሐይዋ አይፒሱ ውስጥ ናት።