ሊኑክስ ተጭኗል፣ ዋይፋይ ግን የለም

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችል ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ሰው በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ቢሞክር ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተማሪዎች፣ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ መምህራን የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ድምፁም ስክሪኑም ይሠራል፣ ዋይፋዩ ብቻ የለም። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ያሳዝነኛል። አንዱ ሊኑክስን አጥፍቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ሌላው «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ገንዘብ ያወጣል። ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር (ድራይቨር) ወይም ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚገባው ሶፍትዌር (ፈርምዌር) ጎድሎታል። የትኛው እንደሆነ ምልክቱን አይቶ መለየት ይቻላል፤ ስለዚህ ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ምልክቱን ተመልከቱ።

የዋይፋይ ምርጫው ይታያል፣ ግን አልበራም ይላል

ይህ ቀላሉ ነው። ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍታችሁ አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዛችሁ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። በ«ሶፍት» በኩል ተዘግቷል ካለ የዘጋው ሶፍትዌር ነው፤ ከዚያው ትእዛዝ ቀጥሎ «አንብሎክ ዋይፋይ» ብሎ መጻፍ ይከፍተዋል። በ«ሃርድ» በኩል ተዘግቷል ካለ ግን የትኛውም ትእዛዝ አይከፍተውም። የቆዩ ላፕቶፖች ጎናቸው ላይ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከላይኛው የኪቦርድ ረድፍ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ቁልፍ አላቸው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ከተጫኑ ሌላም ምክንያት አለ፤ ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በሚባለው መንገድ ሲዘጋ ካርዱን ሊኑክስ ሊያስነሣው በማይችልበት ሁኔታ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ከፓወር ማስተካከያው ላይ ይህን አጥፉ።

የዋይፋይ ምርጫው ራሱ የለም

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። መጀመሪያ ካርዱ የማን ሥራ እንደሆነ እወቁ። ተርሚናል ላይ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብላችሁ ጻፉ፤ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ብሮድኮም፣ ሪልቴክ ወይም ኢንቴል የሚል ስም ታገኛላችሁ። ስሙ ከወጣ ኮምፒውተሩ ካርዱን እያየው ነው፤ አዲስ ካርድ ለመግዛት ገና ነው። ምንም ዓይነት የዋይፋይ ስም ካልወጣ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ፤ እዚያም ክፍት ከሆነ ባትሪውን አውጥቶ ካርዱን ከቦታው ነቅሎ መልሶ የሚያስገባ ጠጋኝ ያስፈልጋችኋል።

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚያወጣችሁ የሞባይላችሁ ኬብል ነው። አንድሮይድ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከሆትስፖት ማስተካከያው «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ መስመር ይቀበለዋል፤ ድራይቨር አይጠይቅም። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ስለሆነ ዳታችሁ አይነካም። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ሲስተሙ የሚያቀርብላችሁን ትልቅ ማሻሻያ ለጊዜው እንቢ በሉት፤ አለበለዚያ የገዛችሁት ፓኬጅ ድራይቨሩ ሳይወርድ ያልቃል።

ካርዱ ብሮድኮም ከሆነ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ»፣ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማናጀር» የሚለውን ክፈቱና የሚቀርብላችሁን የብሮድኮም ድራይቨር ምረጡ። ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐቤቴ ገጠር ለምትሄዱ ሚንትን የምመርጥላችሁ በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ21.1 እትም ወዲህ ድራይቨር ማናጀሩ ኢንተርኔት ሲያጣ ሲስተሙ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ከዚያው እንድትጭኑ ያደርጋል። ስለዚህ ያንን ፍላሽ ለፊልም ብላችሁ አታጥፉት። የኢንቴልና የሪልቴክ ካርዶች በአብዛኛው የሚቸገሩት ላፕቶፑ አዲስ፣ ሊኑክሱ ግን አሮጌ እትም ሲሆን ነው፤ መፍትሔው አዲሱን እትም መጫን ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትም እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ፈርምዌሩን ከመጫኛው ጋር ይዞ ይመጣል፤ የቆየ ፍላሽ ካላችሁ ተዉት።

ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ በርቷል፣ ዋይፋይ ግን አሁንም የለም

ሴኪዩር ቡትን ጠርጥሩ። ይህ ጥበቃ በርቶ ሳለ ሲስተሙ ያልተፈረመበትን ድራይቨር አያስገባም። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል እንድታወጡ ተጠይቃችሁ ነበር፤ ላፕቶፑ ዳግም ሲነሣ ደግሞ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። በዚያ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነበረባችሁ። ገጹ ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ይጠብቅና ያልፋል፤ ብዙ ጀማሪ ስሕተት መስሎት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ድራይቨሩን አስወግዳችሁ እንደገና ጫኑና ገጹ ሲመጣ በጥሞና ተከተሉት። ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው ላፕቶፕ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ያለበት ዊንዶውስ ካለ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ይህን ሳያደርጉ ፋይላቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

መጫኑ መሐል ላይ ይቋረጣል

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ድራይቨሩም በግማሽ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ለመጫን ብትሞክሩ ሲስተሙ ራሱ የማስተካከያውን ትእዛዝ ጽፎ ያሳያችኋል፤ በ«ሱዶ ዲፒኬጂ» የሚጀምረውን መስመር እንዳለ ገልብጣችሁ አስኬዱት። ከባዶ መጫን አያስፈልግም። ሌላው ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስታልቅ የላፕቶፑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚጫኑት ሶፍትዌሮች (ፓኬጆች) ዝርዝር «ገና አልጸናም» እየተባለ አይወርድም። ቀኑን አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ፤ ባትሪዋም በሌላ ትተካ።

ይገናኛል፣ ግን ይቆራረጣል

ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ እየተኛ ሊሆን ይችላል። በኔትወርክ ማናጀር ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ዋይፋይ ፓወርሴቭ» ፊት ያለውን 3 ወደ 2 ብትቀይሩት ቁጠባው ይጠፋል። ራውተሩ አጠገብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የአንቴናው ሽቦ ከካርዱ ተነቅሎ እንደሆነ አስፈትሹ። የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ እየታየ የእናንተው ብቻ ከጠፋ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እያሠራጨ ይሆናል፤ ብዙ የቆዩ ካርዶች የሚያዩት 2.4ን ብቻ ነው።

ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ከማሻሻያ በኋላ ጠፋ

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ተቀይሮ ድራይቨሩ አልተከተለውም። ላፕቶፑ ሲነሣ ኢስኬፕን፣ በቆዩት ላይ ሺፍትን ተጭናችሁ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። በዚያው ዋይፋይ «ሊኑክስ ሄደርስ ጀነሪክ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል እንደገና ይገነባል። ግንባታው ካልተሳካ በቀድሞው ከርነል ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ለድራይቨሩ ማስተካከያ እስኪወጣለት ድረስ የቀድሞውን ከርነል አታጥፉት።