የስፖርታችሁን ልክ በትንፋሻችሁ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ጠዋት መስቀል አደባባይ ወጥቶ፣ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ከሚሉት ጎረምሶች እኩል ካልሮጥኩ የሚል ጀማሪ አይጠፋም። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱን ይዞ ቤቱ ይቀራል። ልካችሁን ከራሳችሁ ትንፋሽ ውሰዱ።

መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ ያህል ዘና ብላችሁ በመራመድ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ከዚያ ፈጠን በሉና እያወራችሁ ሞክሩት። መዝፈን ከቻላችሁ ገና ቀላል ነው። ማውራት ችላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛው ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ አየር ካጠራችሁ ከባዱ ውስጥ ገብታችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልክ የምታወሩ ምሰሉ።

ቀጥሎ ደረጃችሁን ለዩ። ለወራት ተቀምጦ የከረመ ሰው ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃዋል። ትንሽ የለመደ፣ 1 ደቂቃ ሶምሶማ 2 ደቂቃ እርምጃ እያለ ያፈራርቅ። የጠነከረው ደግሞ አብዛኛውን ቀን እያወራ መሮጥ የሚችልበትን ፍጥነት ይያዝ፤ ቁና ቁና የሚያስተነፍሰው በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል። አትሌቶቻችን በቀላል ልምምድ ቀን ሲሮጡ ብታዩ ዝግታቸው ይገርማችኋል።

ቁጥር የሚወድ ሰው የልብ ምቱን ይቁጠር። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሱ። ልባችሁ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ልክ ይህ ነው፤ ለ40 ዓመት ሰው 180 ይመጣል። መካከለኛው ከዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ በደቂቃ ከ115 እስከ 137 ምት ገደማ። ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ይህ ግምት ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምቱን ስለሚቀንሱት እነሱን የሚወስድ ሰው በንግግሩ ፈተና ይመራ።

ከፍታም አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ዘመድ እዚያ የለመደውን ፍጥነት ቢሞክር ቶሎ ያለከልካል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ይበል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳይጀምር ሐኪም ያማክር። ደረቱን የወጋው ወይም ያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም፤ ካልተሻለው ሕክምና ይሂድ።

ሲለምድላችሁ መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሩ። ፍጥነትና ዳገት ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።