የፀሐይ ግርዶሽን ስንመለከት ዓይናችንን የሚጎዱ ስህተቶች

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየው ቀለበታዊ ግርዶሽ ብዙ ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ አድርጎ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሉክሶርንና ጅዳን ሙሉ በሙሉ የሚያጨልመው ግርዶሽ በአገራችን በከፊል ይታያል፤ እስከዚያው ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች አሉ።

ከሁሉ የከፋው «አላመመኝም» ብሎ መተማመን ነው። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው፣ እየተቃጠለ ሳለ ተመልካቹ ምንም ሳይሰማው ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ የሚያነበው ፊደል መሐሉ ጠቁሮ ወይም ተጣሞ ይታየዋል። አንዳንዱ ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ግን ጠባሳውን ይዞት ይኖራል።

ሁለተኛው ስህተት ፀሐይ ስለተሸፈነች ጉልበቷ ደክሟል ብሎ ማሰብ ነው። አካባቢው ሲደበዝዝ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ፊት የማዞር ፍላጎታችንም ይቀንሳል፤ ያልተሸፈነችው ቅንጣት ግን እንደ ወትሮው ታቃጥላለች። ግርዶሹ ከፊል ወይም ቀለበታዊ በሆነበት ቦታ መነጽር የሚወለቅበት ቅጽበት የለም።

በሳፋ ውኃ ውስጥ ማየት ከታላላቆቻችን የወረስነው ዘዴ በመሆኑ ለማስተው ይከብዳል፤ ሆኖም ውኃ ከላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ሲያንጸባርቅ፣ አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያሟላ የግርዶሽ መነጽር የሚያሳልፈው ግን ቢበዛ 0.0032 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከስድስት መቶ እጥፍ ይበልጣል። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲና ተራ የፀሐይ መነጽርም ብርሃኑን ያደበዝዙ እንደሆነ እንጂ በቂ ጥበቃ አይሰጡም። የብየዳ መስታወት ከሆነ የጥቁረት ቁጥሩ 14 ይሁን።

የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ማየትም አደገኛ ነው፤ የተሰበሰበው ጨረር መነጽሩን ያቃጥለዋልና ማጣሪያው ከመሣሪያው ፊት መታሰር አለበት።

ለልጆች የምመርጠው ካርቶን በመርፌ ቀዶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ምስል ማሳየት ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ግን ወደ ፀሐይ እንዳያዩ አጠገባቸው መቆም ያስፈልጋል። በማግስቱ እይታው የተዛባበት ሰው ካለ፣ ጠብታ ገዝቶ ከመሞከር ይልቅ ሳይዘገይ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።