ኬብሉ ረዝሞ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የቤት ኢንተርኔት ችግርና መፍትሄ

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ራውተሩ ላይኛው ቤት ይቀመጣል፣ ተከራዩ ወይም ልጆቹ ታች ሰርቪስ ቤት ይሆናሉ። ዋይፋይ ደግሞ ድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ አይወድም። ስለዚህ ኬብል ይዘረጋል። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ደግሞ “ገመዱ ረዝሞ ነው” ይባላል። አብሽሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ አይደለም። የተለመዱት የኔትወርክ ኬብል ዓይነቶች፣ ካት 5ኢም ሆነ ካት 6፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) እንዲያደርሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። 40 ሜትር ስለዘረጋችሁ ፍጥነታችሁ አይቀንስም።

በመጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ ወስዳችሁ በአጭር ኬብል ሞክሩት። እዚያም ከተንቀራፈፈ ችግሩ ከውጭ የሚገባው መስመር፣ ፓኬጃችሁ ወይም መሣሪያው ራሱ ነው፤ ረጅሙን ኬብል አትንኩት። ኢንተርኔታችሁ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የስልክ ሽቦ ሲረዝም ፍጥነት ይቀንሳል። ግቢ ውስጥ ማስረዘም ካለባችሁ ከራውተሩ በኋላ ያለውን ኔትወርክ ኬብል አስረዝሙ።

በአጭሩ ይሠራል፣ በረጅሙ እንቢ ይላል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ኬብሉን ስትልጡት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠምዝዘው ታገኛላችሁ። ጥምዝምዙ ለውበት አይደለም፤ ረብሻ እንዲቀንስ ነው። ብዙ ሰው ቀለሞቹን ጥንድ በጥንድ በመደዳ ይደረድርና “ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን አለበት?” ይላል። አለበት እንጂ! የኮኔክተሩ (ጫፉ ላይ የሚገጠመው ፕላስቲክ መሰኪያ) 3ኛና 6ኛ ቦታ ላይ የሚገቡት ሽቦዎች አብረው የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው። በመደዳ ሲደረደር ይህ ጥንድ ይበተናል፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥርም መስመሩ ይረበሻል። ርካሹ የኬብል መሞከሪያ ስምንቱንም መብራት አብርቶ “ደህና ነው” ይላችኋል፤ ሽቦው መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠመዘዘ አያይማ።

መፍትሄው ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር መምታት ነው፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ቦታ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ጥምዝምዙን ከ1 ሳንቲሜትር ብዙም አሳልፋችሁ አትፍቱት።

ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ቆሟል

ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ሽቦ ያስፈልጋል፣ ለ100 ሜጋቢት አራቱ ይበቃል። ስለዚህ 100 ላይ ከቆመ ወይ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል ወይም በደንብ አልነካም፣ ወይ ደግሞ ራውተሩ ወይም ላፕቶፑ ራሱ ከ100 አያልፍም። ፓኬጃችሁ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ከሆነ ተዉት፣ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

እየቆየ ይቆራረጣል

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ሂዱ። መሃል ላይ ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ ካለ አገኛችሁት ማለት ነው። ናስትሮ ውሃ አይከለክልም፤ አንድ ክረምት ሳያልፍ ሽቦው ይዝጋል። ያለ ቅጥል አንድ ወጥ ኬብል ዘርጉ። ከመብራት መስመር ጋርም አንድ ቱቦ ውስጥ አትክተቱት።

ቅጥል ከሌለ ኬብሉን ራሱን ጠርጥሩ። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። ባለሱቁ “ወላሂ ኦርጅናል ነው” ቢላችሁም አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ብልጭ ካለ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ለ5 ሜትር ያገለግል ይሆናል፣ ለ60 ሜትር ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ውጭ ለሚዘረጋው ጥቁር የውጭ ኬብል ግዙ። የቤት ውስጡ ኬብል ልባስ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል፣ በተለይ ኮምቦልቻ። ግድግዳውን በስቶ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ትንሽ ጎበጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጉት። ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል፤ አለበለዚያ ገመዱን ተከትሎ ሶኬቱ ድረስ ይገባል።

ከመብረቅ በኋላ ሞተ

የሐምሌና የነሐሴ መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ ከቤት ቤት የተዘረጋው መዳብ ኃይሉን ተሸክሞ የራውተሩን ሶኬት ያቃጥለዋል። ሌላኛው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ አንዳንዴ የሚሞተው አንዱ ብቻ ነው። ለወደፊቱ ሰማዩ ሲጠቁር የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የኔትወርኩንም ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ።

ከ100 ሜትር በላይ

እዚህ ላይ ርዝመቱ እውነትም ችግር ነው። መብራት የሚገኝበት ቦታ ካለ መሃል ላይ ስዊች (ምልክቱን ተቀብሎ እንደ አዲስ የሚያስተላልፍ ሣጥን) አስገቡ፤ ከዚያ ሌላ 100 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከሌለ ፋይበር (ከመዳብ ይልቅ ቀጭን የመስታወት ክር ያለው ገመድ) ዘርግታችሁ በሁለቱ ጫፍ ከፋይበር ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚለውጥ መቀየሪያ አድርጉ። ውድ ነው፣ ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና በገመዱ የሚመጣው የመብረቅ ጣጣም ይቀርላችኋል። ለሁለት ራቅ ያሉ ቤቶች እኔ ብሆን ይህን ነው የምመርጠው።