ቅቤ፣ ማርና ካካዎ፦ የቤት ቸኮሌት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አኒማል ቤዝድ» የሚሉት አመጋገብ ከአሜሪካ የተነሣ ነው። ዋናው ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ነው። ፍራፍሬና ማር ይፈቀዳሉ። እህል፣ ጥራጥሬ፣ ከዘር የተጨመቀ ዘይትና ነጭ ስኳር ግን የሉበትም። በሰፊው ያስተዋወቀው ፖል ሳላዲኖ የሚባል ሐኪም ነው። እሱም መጀመሪያ ሥጋ ብቻ ይበላ ነበር፤ ፍራፍሬና ማር የጨመረው በኋላ ነው። አመጋገቡ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ቅቤ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሚያስቸግረው ጣፋጭ ሲያምር ነው። የሱቅ ቸኮሌት ስኳርና የፓልም ዘይት አለበት፤ ስለዚህ ሰው ወደ ጓዳ ይገባል። ቅቤ ያቀልጣል፣ ካካዎ ይጨምራል፣ ማር ያንጠባጥባል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይከታል። ሲያወጣው ማሩ ከሥር ተኝቷል፣ ቅቤው ከላይ ደርቋል፣ ካካዎው መሐል ላይ ተቋጥሯል። ቅመሙ ጥሩ ሆኖ አሠራሩ ሲበላሽ ያናድዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ካካዎ ተክል መሆኑን መርሳት

መጀመሪያ ይህ ይለይ። ካካዎ የዛፍ ፍሬ ውስጥ ያለ ዘር ነው፤ ይቦካል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከእንስሳ የመጣ ምንም ነገር የለውም። ሥጋ ብቻ የሚበሉት ጭራሽ አይነኩትም። አኒማል ቤዝድ ከሚከተሉትም ብዙዎቹ ዘርን ስለሚሸሹ ካካዎንም ይሸሻሉ። የሚበሉትም «ትንሽ ለጣዕም» ብለው ነው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ግን ሳትወስኑ ዕቃ አትግዙ።

ትንሽ ካካዎ ለመጠቀም ከወሰናችሁ ስኳር የሌለበትን ንጹሕ የካካዎ ዱቄት ፈልጉ። ትኩስ ቸኮሌት ለመጠጣት የሚሸጠው ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ስኳር ነው። በየቀኑ በብዛት መብላቱንም አልመክርም። በ2022 መጨረሻ ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን መርምሮ ነበር። ሁሉም ላይ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ ጎጂ ብረቶች አገኘ። በ23ቱ ደግሞ በቀን 28 ግራም ብቻ መብላት ድርጅቱ ለአዋቂ ከያዘው መጠን ቢያንስ በአንዱ ብረት ያልፋል። ብረቶቹ ያሉት ካካዎው ውስጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ መሥራት አያጠፋቸውም።

ካካዎ አልፈልግም ላለ ካሮብ አለ። ዛላ ያለው የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዛላው ደርቆ ይፈጫል። ካፌይንም፣ ካካዎ ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን የሚባል አነቃቂም የለውም። እስራኤል ያላችሁ «ሐሩቭ» ብትሉ በየገበያው ታገኙታላችሁ። ቸኮሌት ነው ብላችሁ ግን ራሳችሁን አታታልሉ፤ የራሱ ጣዕም አለው፣ ወደ ተምር ያደላል። በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ማሩን በግማሽ ቀንሱ።

ውሃን ወደ ቸኮሌት ማስገባት

የቀለጠ ቸኮሌት ማለት ስብ ውስጥ የተንሳፈፈ ደረቅ ዱቄት ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ሲገባ የዱቄቱ ቅንጣቶች ውሃውን ይይዙና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከዚያ ቸኮሌቱ ይቋጠራል፣ ይሻክራል፣ ማንኪያ ላይ እንደ እርጥብ አሸዋ ይቆለላል። እሳት ብትጨምሩም አይመለስም።

ይህ ችግር የጀማሪ ብቻ አይደለም። የወተት ቸኮሌትን ስዊዘርላንድ ውስጥ ቬቬ በምትባል ከተማ የሠራው ዳንኤል ፒተር ነው፤ ዘመኑ 1875 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። እሱንም ለዓመታት ያስቸገረው ወተቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነበር። የተሳካለት አብዛኛው ውሃ የወጣለትን ወተት መጠቀም ሲጀምር ነው።

እናንተ ጓዳ ውስጥ ውሃው የሚመጣው ካላሰባችሁት ቦታ ነው። ማር ደረቅ ይመስላል፤ ግን ከ100 ግራም ውስጥ 17 ግራም ገደማው ውሃ ነው። የሱቅ ቅቤ 16 ከመቶ ያህል ውሃ አለው። አሬራው በደንብ ያልታጠበለት ለጋ ቅቤ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሳህኑን በደንብ አለማድረቅ፣ እርጥብ ማንኪያ፣ በእንፋሎት ስታቀልጡ ከጎን የሚገባው ጠብታ፣ ሁሉም ይደመራል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ምን እንደምትሠሩ ወስኑ። ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ሁለቱን መቀላቀል ነው የሚያበላሸው።

አንደኛው ደረቁ መንገድ ነው፤ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ቸኮሌት። 100 ግራም የካካዎ ቅቤ (ከካካዎ ዘር የሚወጣው ስብ)፣ 50 ግራም የካካዎ ዱቄትና 50 ግራም ቅባቱ ያልወጣ የወተት ዱቄት። ማር አይገባበትም፤ አንድ ማንኪያም ቢሆን። ጣፋጭነት ከፈለጋችሁ ቀዝቅዞ የደረቀ (ፍሪዝ ድራይድ) እንጆሪ ወይም ሙዝ ፈጭታችሁ፣ በወንፊት ነፍታችሁ ጨምሩ። ፈሳሽ ወተት የሚባል ነገር አታቅርቡ።

ሁለተኛው ለስላሳው መንገድ ነው፤ ማር የሚገባው እዚህ ነው። ምስጢሩ ቅቤውን አለማቅለጥ ነው። ማር ከቀለጠ ቅቤ በጣም ይከብዳል፤ እስኪረጋ ስትጠብቁ ወደ ታች ይሰጥማል። ስለዚህ 150 ግራም ጨው የሌለው ቅቤ ከፍሪጅ አውጥታችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁ። ነጭ እስኪሆን ምቱት። 2 የሾርባ ማንኪያ ማር ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ጨምሩ፤ መምታቱን አታቁሙ። 40 ግራም ካካዎ ነፍታችሁ አዋሕዱ፣ ቁንጥር ጨው ጣሉበት። የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ ለሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ፈጅ እንደሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ይቆረጣል።

ተቋጥሮባችሁ ከሆነስ? አትጣሉት። ሙቅ ክሬም በማንኪያ ጨምሩና አማስሉ፤ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ነገሩ ይገርማል፤ ጥቂት ውሃ ያበላሸዋል፣ ብዙ ውሃ ያስተካክለዋል። ዱቄቱ በሙሉ ሲርስ ተመልሶ ይለሰልሳል። ቸኮሌት አይሆንም፤ ፍራፍሬ የሚጠቀስበት ጥሩ ስልስ ይሆናል።

የወጥ ቅቤ መጠቀም

«ውሃ ከሌለበት ንጥር ቅቤ ልጠቀም» ማለት ትክክል ነው። ግን የትኛውን ንጥር? የእናት ጓዳ ውስጥ ያለው ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ነው። ለዶሮ ወጥ ወደር የለውም። ቸኮሌት ውስጥ ግን ክትፎ ክትፎ ይላል፤ ማር ቢጨመርበትም አይሸሸግም።

ለዚህ ሥራ ያልተቀመመ ንጥር ለብቻ አንጥሩ። ቅቤውን በቀስታ እሳት ላይ ጣዱ፤ መጀመሪያ ይንጣጣል፣ አረፋ ያወጣል። መንጣጣቱ ሲያቆም ውሃው አልቋል ማለት ነው። አረፋውን ቀፋችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ከቅመማችን አንድ ላስቀር ካላችሁ ኮረሪማን አስቀሩ። ኮረሪማና ካካዎ ይዋደዳሉ፤ በግሌ ከቫኒላ አስበልጠዋለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ሁሉ ፍስክ ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራው ማርጊያ ጄላቲን፤ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም። ጿሚ ቤት ውስጥ ካለ መያዣው ላይ ጻፉበት፤ ቸኮሌት ሲያዩት ጾም ይመስላል።

ሞራ ማብዛት

አንዳንዱ «የእንስሳ ስብ እስከሆነ ድረስ» ብሎ ካካዎውን በሞራ ብቻ ይሠራል። ሲያዩት ያምራል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። አፍ ውስጥ ግን አይቀልጥም። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አፋችን 37 ነው፤ የቸኮሌት ደስታ ያለው በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው። የበሬ ሞራ፣ በተለይ የኩላሊቱ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። ከጠቅላላ ስቡ ሩብ ያህል ሞራ ይበቃል፤ የቀረው ቅቤ ወይም የካካዎ ቅቤ ይሁን። ጨው ያልነካው፣ ሽታ የሌለው፣ ሁለቴ የተጣራ ሞራ ብቻ ተጠቀሙ።

እሳት ላይ ትቶ መሄድ

የካካዎ ቅቤ በቀጥታ ምድጃ ላይ አይጣድም። ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ አፍሉ፣ ላዩ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጥፉት፤ በቀረው ሙቀት ይቀልጣል።

የሚያብረቀርቅና የሚሰበር ቸኮሌት ለሚፈልግ ደግሞ የሙቀት ሥርዓት አለ። ወተት ያለበትን እስከ 45 ዲግሪ አቅልጡት፤ እያማሰላችሁ ወደ 27 አካባቢ አብርዱት፤ መልሳችሁ ወደ 29 ወይም 30 አሙቁት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አትድከሙ። ቅቤ የበዛበት ቸኮሌት ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ የወተት ስብ የካካዎ ቅቤውን ያለሰልሰዋል፣ ፍሪጅ ብቻ ነው የሚያቆመው።

ጄላቲንን እንደ ስኳር መበተን

የቸኮሌት ሙጫ ከረሜላ ወይም ፑዲንግ የሚሠራ ሰው ጄላቲን ይፈልጋል። ዱቄቱን ሙቅ ወተት ላይ ከበተናችሁት ቋጠሮ ሰበሰባችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውሃ ላይ ነስንሱትና 5 ደቂቃ ይበጥ። ከዚያ አሙቁት፤ አታፍሉት፤ ሲፈላ የማርጋት ኃይሉ ይዳከማል። 7 ግራም የሚይዘው ከረጢት ግማሽ ሊትር ገደማ ለስላሳ አድርጎ ያረጋል፤ በእጅ የሚያዝ ከረሜላ ለመሥራት ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል።

ጥሬ ፓፓያ፣ አናናስ ወይም ኪዊ ከገባበት ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም አይረጋም። እነዚህ ፍሬዎች ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው፤ ጄላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ አፍልታችሁ ተጠቀሙባቸው። ኮላጅን ተብሎ የሚሸጠው የሚሟሟ ዱቄትም አያረጋም፤ ስሙ ቢቀራረብም ሥራው ሌላ ነው።

አውሮፓ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚያ የሚሸጠው ጄላቲን በብዛት ከአሳማ ቆዳ ነው። መለያው ላይ «ጄላቲን» ብቻ ካለ ከምን እንደሆነ አታውቁም። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ አሳማ የማይገባበት ቤት የበሬ ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ይግዛ።

ጉበትን ለልጆች በቸኮሌት መሸሸግ

የደረቀ ጉበት ዱቄት ቸኮሌት ውስጥ መክተት ፋሽን ሆኗል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ጣዕሙን ካካዎው ይሸፍነዋል። ችግሩ መጠኑ ነው። 100 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት ከ9,000 ማይክሮ ግራም በላይ ቫይታሚን ኤ አለው። ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 3,000 ነው፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ 900፤ ከዚያ ለሚያንስ 600። ዱቄቱ ደግሞ የተከማቸ ነው፤ 10 ግራሙ ከ30 ግራም በላይ ጥሬ ጉበት ያህላል። ቸኮሌት ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ልጅ አንድ ቁራሽ በልቶ አያቆምም። የሚጣፍጥ ነገር ውስጥ መድኃኒት የሚመስል ነገር መደበቅ በአጠቃላይ አልወደውም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ጉበት ያለበትን ሙሉ በሙሉ ተዉት።

«ጥሬ ከሆነ ይሻላል» ማለት

የዚህ አመጋገብ ተከታዮች ጥሬ ወተት ያወድሳሉ። ቸኮሌት ደግሞ ከላይ እንዳያችሁት ብዙ አይሞቅም፤ ጀርም አይገድልም። ባልተፈላ ወተት የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ይተላለፋሉ። ሙስ ለሚባለው አረፋማ ጣፋጭ የሚመታ ጥሬ እንቁላልም ሳልሞኔላ ሊኖረው ይችላል። ወተቱን አፍልታችሁ አብርዱ፤ ጣዕሙ ላይ ምንም አይጎድልም።

ማርም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለአዋቂም ቢሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ማር ነው» ብሎ አይዘናጋ።

አቀማመጥ

የቅቤው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ቅቤ የሽንኩርት ሽታ ቶሎ ይስባል። ክሬም የገባበት ሳምንት ሳይሞላው ይበላ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ በበጋ ለጓደኛ በሳህን ይዛችሁ ለመሄድ አታስቡ፤ ከመኪና እስክትወርዱ መረቅ ይሆናል።

የካካዎ ቅቤው ዓይነት ከቀናት በኋላ ነጭ ነጭ ቢልባችሁ አትደንግጡ። ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ ይበላል። አቅልጣችሁ ብታረጉት ይጠፋል። ጸጉራም ሆኖ የሚሸት ከሆነ ግን እሱ ሻጋታ ነው፤ ጣሉት።